ካሜራዬን ሳልጭንበት ስታቢላይዘር አትሽጡልኝ

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰልችቶኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ መርካቶ ተመላለስኩ። የምፈልገው አንድ የካሜራ ስታቢላይዘር ነው፣ ስራመድ ካሜራው እንዳይወዛወዝ በሞተር የሚይዝ እጀታ። የገባሁበት ሱቅ ሁሉ የሚነግረኝ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ አራት ኪሎ ተኩል ይሸከማል!» በቃ። ከዚያ ዋጋ። ከዚያ ካርቶኑን ማሸግ።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ነው። ጥር ላይ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ቤቴን አላውቀውም። ጠዋት ሙሽራዋ ቤት፣ ከዚያ መናፈሻ፣ ከዚያ አዳራሽ፣ በማግስቱ መልስ። ካሜራ በእጄ ይዤ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት እቆማለሁ። ስለዚህ ስታቢላይዘር ለኔ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። እንጀራዬ ነው።

ከዚህ በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ለዓመታት ዕቃ የምገዛባቸው ሰዎች ተበተኑ። አንዳንዶቹን እስካሁን አላገኘኋቸውም። እነሱ ካሜራዬን ያውቁት ነበር፣ «ይሄ ላንተ አይሆንም» ብለው ከደጅ የመለሱኝ ጊዜም አለ። እነሱን ሳጣ ወደማላውቀው ሱቅ ገባሁ። ልጁ ስታቢላይዘሩን ከካርቶን አወጣ፣ አበራው፣ ባዶውን ወዲያ ወዲህ አወዛወዘው። ያምራል! ባዶውን የማያምር ስታቢላይዘር እኮ የለም። ካሜራዬን ከቦርሳ ላወጣ ስል «ፕላስቲኩ ከተነሳ አዲስ አይባልም፣ ሌላ ደንበኛ አይገዛኝም» አለኝ። አመንኩትና የሁለት ሰርግ ክፍያዬን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ቤት ገብቼ ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ ካሜራዬን ጫንኩበት። ካሜራው 650 ግራም ነው፣ 24-70 ሚሊ ሜትር ዙም ሌንሴ ደግሞ 886 ግራም። ሁለቱ ተደምረው ከአንድ ኪሎ ተኩል ትንሽ ቢያልፉ ነው። አራት ኪሎ ተኩል ለሚሸከም ዕቃ ምንም ማለት ነው፣ አይደል? ግን ሌንሱ ከካሜራው ስለሚከብድ ወደ ፊት ይደፋል። እንዲመዛዘን ካሜራውን ወደ ኋላ መሳብ አለብኝ። ስስበው የካሜራው ጀርባ ከስታቢላይዘሩ ክንድ ጋር ይጋጫል። የቀረኝ አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ ነበር፣ በዚያች ምክንያት አልመዛዘን አለ። ሲብስ ደግሞ ይሄ ሌንስ ወደ 70 ስታቀርበው አፍንጫው ይረዝማል፣ ያኔ ያችው የተገኘችው ሚዛንም ትፈርሳለች።

በዚያው ዕቃ ሰርግ ሄድኩ፣ ሌላ አልነበረኝማ። ሙሽራዋ የእናት አባቷን ጉልበት ስማ ልትመረቅ ስትጎነበስ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትንሽ ጮኸ። ከዚያ ካሜራው አንገቱን ደፋ። አባትየው እየመረቁ ነው፣ እናትየው እያለቀሱ ነው፣ እኔ የቀረጽኩት ምንጣፍ ነው። ምርቃት ደግሞ «አንዴ ይደገምልኝ» አይባልበትም። ሰዎች «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» ይሉኛል። አይስተካከልም። ኤዲቲንግ የእጅ መወዛወዝን ዳር ዳሩን ቆርጦ ያለዝብልሃል እንጂ ያልተቀረጸ ፊት አያመጣም። እናትየው ቪዲዮውን ያዩ ቀን ምንም አልተናገሩኝም፣ ዝም ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፉም።

በማግስቱ ዕቃውን ይዤ ተመለስኩ። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ። ልጁ በጣቱ አሳየኝ፣ አለቀ።

አሁን የሚያበግነኝን ልናገር። ያ የኪሎ ቁጥር ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ለኔ ጥያቄ መልስ አይደለም። ስታቢላይዘር ሦስት ሞተር አለው፣ አንዱ ወደ ጎን መዞርን፣ አንዱ ቀና ደፋ ማለትን፣ ሦስተኛው ማዘንበልን ይይዛል። ሞተሮቹ ክብደት ለመሸከም አይደለም የተሠሩት። በደንብ የተመዛዘነ ካሜራ ትንሽ ሲነቃነቅ እንዲመልሱት ነው። ሳይመዛዘን ከጫንከው ቀኑን ሙሉ ከክብደቱ ጋር ሲታገሉ ይውላሉ፣ ይግላሉ፣ ባትሪ ይጨርሳሉ፣ በመጨረሻ ይንቀጠቀጣሉ። ጋሬት ብራውን የሚባለው አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ስቴዲካም የሚባለውን የካሜራ ማረጋጊያ ሲሠራ እኮ ሞተር አልነበረውም። ካሜራው ዘንጉ ጫፍ ላይ፣ ባትሪውና ስክሪኑ ከታች ሆነው ይመዛዘናሉ፣ ከቀራጩ ሰውነት ጋር የሚያያዘው ስፕሪንግ ያለው ክንድ ነው። ነገሩ ሁሉ ሚዛን ነው።

በቴሌቪዥን የኦሊምፒክ ቀስት ውድድር አይታችሁ ከሆነ ከቀስቱ ፊት የሚወጣውን ረጅም ዘንግ አስታውሱት። እሱም ስታቢላይዘር ይባላል። ጫፉ ላይ ክብደት አለ፣ ቀስቱ እጅ ላይ እንዳይወላውል ይይዘዋል። ክብደቱን እጥፍ ብታደርገው መረጋጋቱ እጥፍ ይሆናል፣ ርቀቱን እጥፍ ብታደርገው ግን አራት እጥፍ። ታዲያ ረጅሙ ለሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። በኮምፓውንድ ቀስት፣ ማለትም ጫፎቹ ላይ መዘውር ባለው ቀስት፣ የሚያድኑ ሰዎች ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚሹለከለኩ ብዙዎቹ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ አጭር ነው የሚመርጡት። ቀስቱ ወደ ጎን ካዘነበለባቸው ከኋላም ክብደት ይጨምራሉ። ሁሉም በራሱ ቀስት፣ በራሱ እጅ ሞክሮ ነው የሚያስተካክለው። የኛስ ካሜራ ምን ለየው?

መመዛዘኑን ማየት ደግሞ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ዕቃው ጠፍቶ እያለ ካሜራውን ትጭናለህ። ሌንሱን ቀጥ አድርገህ ትለቀዋለህ፣ አልደፋም ካለ ጥሩ። ሌንሱን ወደ ጣሪያ ታዞረዋለህ፣ እዚያው ከቆመ ጥሩ። ወደ ግራና ቀኝ ማዘንበሉን ታያለህ። በመጨረሻ እጀታውን አጋድመህ በራሱ ይዞር እንደሆነ ታያለህ። በየቦታው ከቆመልህ ያንተ ነው፣ ካልቆመ ደህና ዋል ብለህ ትወጣለህ። ሻጩ የሚከስረው አንዲት የፕላስቲክ ሽፋን ናት። እኔ የምከስረው የሰው ምርቃት ነው።

ዋጋውን አላነሳውም ብዬ ነበር፣ ግን እሱም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አልፎ ሄደ። ድሮ ተሳስተህ የገዛኸውን ለጓደኛ ሸጠህ ሌላ ትሞክራለህ። አሁን አንዴ ከተሳሳትክ ዓመቱን ሙሉ ከስህተትህ ጋር ነው የምትሠራው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ የያዙ ልጆች ደግሞ ከዚህ ሥራ ጭራሽ ይወጣሉ። ሁለት ጎበዝ ልጆች እንዲህ ሲቀሩ አይቻለሁ።

ይሄን የሚያነብ ዕቃ ሻጭ ካለ አንድ ነገር ልለምን። ከየዓይነቱ አንዱን ለመሞከሪያ ክፈቱት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ካሜራዬን ከነሌንሱ ይዤ እመጣለሁ፣ አሥር ደቂቃ ስጡኝ፣ ከቆመልኝ እዚያው እከፍላለሁ። እንዲህ የሚያደርግ ሱቅ ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ ባለው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ከታች ጻፉልኝ። ቅዳሜ ሰርግ አለኝ፣ እስከዚያ የጓደኛዬን ነው የምለምነው።