ለክቡር የዲሻችን እግር፤ ባሉበት (ካሉበት ከተገኙ)

ጉዳዩ፦ በቦታዎ አለመገኘትዎን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሰላምታው የሚደርስዎ ግን ዛሬ ወደየት ዞረው እንዳደሩ ከታወቀ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። እዚህ ውሃው በፈረቃ ይመጣል፤ ነፋሱ ፈረቃ አያውቅም። ይህን እያወቁ ነው ሥራውን የተቀበሉት።

ባለፈው እሁድ ማታ ፔናሊቲ ተሰጠ። መቺው ኳሷን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ ተራመደ፣ ተንደረደረ... ምስሉ ብትንትን አለ። "ሲግናል የለም"። ጎል መሆኑን የሰማሁት ከፊት ለፊቱ ብሎክ በተነሣው ጩኸት ነው። የእነሱ ዲሽ እግር ሥነ ሥርዓት ያለው ነው መሰለኝ።

መጀመሪያ እርስዎን አልጠረጠርኩም። ሪሲቨሩን ወቀስኩ፤ ቀየርኩት። ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ላይ ሲግናሉን የሚቀበለውን ዕቃ) ወቀስኩ፤ ቀየርኩት። ኬብሉም አልቀረለትም። ዲሽ ሠሪው በመጣ ቁጥር ነካ ነካ አድርጎ ኳሊቲውን 70 ያደርስና ሂሳቡን ተቀብሎ ይወርዳል። እሱ ግቢውን ሳይለቅ ኳሊቲውም ተከትሎት ይወርዳል።

ያጋለጡዎ ከታች ያሉት ጋሼ ናቸው። የድሮ ወታደር ናቸው። "ልጄ፣ ይሄማ የጠመንጃ መነጽር በሽታ ነው" አሉኝ። ሰው ውድ መነጽር ይገዛና ማሰሪያው ላይ ይሰስታል። ማሰሪያው ከላላ መነጽሩ በተተኮሰ ቁጥር የፀጉር ያህል ይንሸራተታል። የአንድ ዲግሪ 60ኛ ብቻ ቢስት ጥይቷ 100 ሜትር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር፣ 300 ሜትር ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች። "ሰውየው ግን መነጽሩን እየረገመ ማስተካከያውን ሲያሽከረክር ይውላል። ጥይት ጨረሰ እንጂ ምን አገኘ?" (ብሎኑን ከልክ በላይ ማጥበቅም መነጽሩን ይጨፈልቀዋል ብለዋል። እርስዎን ግን ይህ ስጋት አያሳስብዎትም።)

የእኔ ዒላማ ደግሞ 300 ሜትር ላይ አይደለም። የኢትዮሳት ቻናሎች የሚመጡበት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። እርስዎ አንድ ዲግሪ ዘንበል ሲሉ እኔ እዚያ ላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ እስታለሁ። ባሕር ዳር ልሄድ ተነሥቼ ከተማውን አልፌው ሄድኩ እንደማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 13 ቁጥር ቁልፍ ይዤ በረንዳ ላይ ፊት ለፊት ተያየን። ላሜራዎ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይታጠፋል። የብሎኑ ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል መስሏል። ሁለቱ ፊሸሮች ከብሎኬቱ ወጥተው ዓለምን እያዩ ነው፤ ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት ምን ይይዛቸዋል? እርስዎም ከበረንዳው ብረት ጋር በሽቦ ታስረዋል፤ ታስረውም ይዞራሉ። ከብሎኑ ሥር ሮንዴላ ስፈልግ ደግሞ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? በመዶሻ የተደፈጠጠ የለስላሳ ቆርኪ።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ መሰናበትዎን አስታውቃለሁ። በምትክዎ ወፍራም ቱቦላሬ አስበይጃለሁ። ብሎኬቱ ላይ ሳይሆን ኮንክሪቱ ላይ፣ በ4 ብሎን፣ ከነሮንዴላው ይታሰራል። ዋጋው ከሪሲቨሩ ያንሳል። በእውነት የተናደድኩት ይህን የሰማሁ ጊዜ ነው።

የስንብት ክፍያዎን በተመለከተ ከቆራሌው ጋር ይነጋገሩ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዲሽ ሠሪው (ስልካቸው ሲነሣ)
ያለጥፋቱ ለተባረረው ሪሲቨር
ለተጠባባቂ ሮንዴላ አቶ ቆርኪ፤ ከምስጋና ጋር