24 ዓይነት ሣህለ ሥላሴ

ስለ ሰሜን ሸዋ ታሪክ፣ ስለ ቦታዎቿና ስለ ዱር እንስሳቷ በፈቃደኝነት የምንጽፍበት አንድ ትንሽ ዊኪ፣ ማለትም አንባቢው ራሱ የሚጽፍበትና የሚያርመው ድረ ገጽ፣ አለን። ደመወዝ የለውም፣ አለቃም የለውም። አብዛኞቻችን ማታ ከሥራ መልስ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ተከናንበን በስልክ የምንሠራው ነው። ባለፈው ወር አንድ ወጣት ስለ ሸዋው ንጉሥ ስለ ሣህለ ሥላሴ አዲስ ገጽ ከፈተ። መጀመሪያ ፈልጎ ነበር፤ መፈለጊያው «የለም» አለው። ሦስት ሌሊት ለፋበት። ገጹ ግን ነበረ፣ ያውም ሁለት ቦታ፤ አንዱ «ሳህለ ሥላሴ»፣ ሌላው «ሳህለስላሴ» ተብሎ።

በዚህ ሰበብ የአጻጻፍ መመሪያ ይኑረን የሚል ሐሳብ ተነሣ። «ሕግ ስናበዛ ፈቃደኛው ይሸሻል» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ሰውን የሚያሸሸው የለፋበት ሥራ ከንቱ ሲቀር ማየቱ ነው። አጭር መመሪያ ያስፈልገናል፤ መጀመር ያለበትም ከስም ነው።

እስቲ ይህን አንድ ስም እንቁጠረው። ሣ በሁለት ፊደል ይጻፋል፤ ህ በሦስት፣ ማለትም ህ፣ ሕ እና ኅ፤ ሥ በሁለት፣ ሴም በሁለት። ሲባዛ 24 ይመጣል። ሁለቱን ቃል አጣብቆ የሚጽፈው ሲጨመር 48። ለጆሯችን ሁሉም አንድ ነው፣ ለዓይናችንም አያስቸግርም። ለኮምፒዩተር ግን በሰ እና በሠ መካከል ያለው ልዩነት በሰ እና በበ መካከል ካለው አያንስም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች በሚጋሩት የፊደላት የቁጥር መዝገብ ውስጥ፣ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው። መፈለጊያው ሞክሼዎቹን፣ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት፣ እንደ አንድ እንዲቆጥር ካልተደረገ በቀር የተጻፈውን ገጽ አያገኘውም።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በግዕዝ ትርጉም ያለው ስም በርእስ ላይ በግዕዝ ሥሩ ይጻፍ፤ ሣህለ ሥላሴ፣ ደብረ ብርሃን። ለተለመዱት ሌሎች አጻጻፎች ደግሞ ወደዚያው ገጽ የሚወስድ መምሪያ መንገድ ይከፈት። አንድ መስመር ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በገጹ ውስጥ ግን ሰው በለመደው ፊደል ይጻፍ። ሀን ወደ ሐ እየለወጠ ብቻ ገጽ ለገጽ የሚዞር አርታኢ የማረሚያ ታሪኩን በማይረቡ ለውጦች ይሞላዋል፤ የእውነተኛው ስሕተት እርማት የት እንዳለ መፈለግ ይከብዳል።

ስም ሲመሳሰልም እንዲሁ መለያ ያስፈልጋል። «ሰሜን ሸዋ» የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ አማራ ክልል ውስጥ፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፤ ሌላው ኦሮሚያ ውስጥ፣ ዋና ከተማው ፍቼ። ይህን ያላስተዋለ ሰው በኦሮሚያው ዞን ያለውን ደብረ ሊባኖስን ከእኛው ዞን ገዳማት ጋር ደርድሮ አግኝቼዋለሁ። ጓሳም የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድንበት ሣር ነው፤ ሣሩ የሚበቅልበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ኅብረተሰቡ ራሱ የሚጠብቀው ቦታም ጓሳ ይባላል። ሁለት ገጽ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የዓመተ ምሕረት ነገር ነው። ሦስቱን የሣህለ ሥላሴ ገጾች ጎን ለጎን ከፍቼ አነበብኳቸው። ንጉሡ ከእንግሊዞች ጋር ውል የተፈራረሙት አንዱ ላይ በ1834፣ ሌላው ላይ በ1841 ነው፤ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አንዳቸውም አይሉም። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ለትምህርት ቤት ሥራው የሚያነብ ልጅ ግን ሁለት ውል ነበረ ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ያለ «ዓ.ም.» ወይም ያለ «እ.ኤ.አ.» አንድም ዓመት አይጻፍ። ወሩ ካልታወቀ ደግሞ ደፍሮ መቀየር አይገባም፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነውና፣ ምንጩ የሰጠው ቁጥር ከነአቆጣጠሩ ይቀመጥ።

«ነገሠ» ይባል «ነገሡ» የሚለው ክርክርም አንድ ሳምንት ወስዶብናል። ለእኔ አያት ቅድመ አያቶቻችን አንተ ሲባሉ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል፣ አንቱታው ይቆይ እላለሁ። መዝገብ ሁሉንም በእኩል ይጥራ የሚሉትም ምክንያት አላቸው። አንድ ገጽ ላይ ግን ንጉሡ በመጀመሪያው አንቀጽ «ተወለዱ»፣ በሦስተኛው «ሞተ» መባል የለበትም።

ቅርጹን በተመለከተ ጥቂት ይበቃል። አራት ነጥብ ራሱ «።» ይሁን፤ ሁለት ነጥብ ሁለቴ እየመቱ የሚሠሩት በመስመር መጨረሻ ላይ ይሰነጠቃል። ንዑስ ርእስ በእኩል ምልክቶች መካከል ይግባ፤ ፊደሉን ማድመቅ ብቻውን ማውጫ አያወጣም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ማረሚያ ሲያስቀምጡ ምክንያቱን በአንድ መስመር መጻፍ ግዴታ እንዲሆን እፈልጋለሁ። አንድ የመንዝ ልጅ አያቱ ስለ ጓሳ አጠባበቅ የነገሩትን ጽፎ ነበር። ማለዳ ሲነሣ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ የሰረዘው ሰው አንድ ቃል አላኖረም። ምናልባት ምንጭ ስላልጠቀሰ ይሆናል። «ምንጭ ጨምርበት» ቢባል ይጨምር ነበር። ጽሑፉን ከገጹ ታሪክ አውጥቼ መለስኩት። ልጁ ግን አልተመለሰም፤ ደውዬለት ነበር፣ «ተዉት ጋሼ» አለኝ።

የሣህለ ሥላሴን ሦስት ገጾች ትናንት ማታ ማዋሐድ ጀምረናል። ያ ወጣት ስለ አንኮበር የጻፈው ክፍል ከሁሉም የተሻለ ስለሆነ እንዳለ ቀርቷል፤ በውይይት ገጹ ላይም የትኛው አንቀጽ ከየት እንደመጣ ተጽፏል። እስካሁን አሥራ አንድ መምሪያ መንገዶች ከፍተናል፤ የቀሩትን እሱ ራሱ ዛሬ እጨርሳለሁ ብሏል።