«የሰው ያለህ!» የሚል ስልክ

ቀኑ ገና ነበር። ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025። እዚህ ሎስ አንጀለስ ግን ተራ ማክሰኞ ነው። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረ ሰው ሥራ ይገባል። ባለቤቴም ዶሮውን ቀምሶ ታክሲውን ይዞ ወደ ኤርፖርት ወጣ። እኔና ሁለቱ ልጆች ቀረን።

ቴሌቪዥኑ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ስለ እሳት ብቻ ነው የሚያወራው። የሚቃጠለው ፓሊሴድስ ነው፤ ባሕሩ ዳር ያለው የሀብታሞች ሰፈር። እኛ ያለነው ፓሳዴና፣ ተራራው ሥር፣ ከተማውን አቋርጦ ማዶ ነው። «ውይ፣ ምስኪኖች!» እያልን እንበላለን። ቤቱ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣን ሰው ምስኪን ስል ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ንፋሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ደስ አይልም። ሳንታ አና ይሉታል፤ ከበረሃው ተነሥቶ በተራሮቹ መሐል ወደ ባሕሩ የሚንደረደር ደረቅ ንፋስ ነው። ከግንቦት ወዲህ ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልጣለም። የጓሯችን ሣር ጭድ ሆኗል። ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ከእኛ በላይ፣ ኢተን ካንየን ከሚባለው ሸለቆ፣ እሳት ተነሣ። ከኩሽናዬ መስኮት ቀይ ክር መስሎ ይታያል። ድስቴን አጥቤ ቀና ስል ክሩ ጋቢ አክሏል።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ።

ድምፁ እንደ ሌላው የስልክ ድምፅ አይደለም። ጆሮ ይበሳል። የእኔና የትልቁ ልጄ ስልክ እኩል ሲጮኹ ትንሿ አለቀሰች። የመጣው «ማስጠንቀቂያ» ነው። እዚህ ነገሩ ሁለት ደረጃ አለው። «ማስጠንቀቂያ» ማለት ተሰናዱ፣ አዛውንት ወይ ሕመምተኛ ወይ እንስሳ ያለው ከአሁኑ ይውጣ ማለት ነው። «ትእዛዝ» ከመጣ ግን ጥያቄ የለም፣ አሁኑኑ ውጡ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በዞን ተከፋፍሎ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስድስት ዓመት ስኖር ዞኔን አላውቅም ነበር። ቀበሌና የቤት ቁጥር ሸምድጄ ያደግኩ ሰው!

እኔ የማውቀው የእሳት ማስጠንቀቂያ ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ ጉለሌ የጎረቤታችን ቤት የተቃጠለ ሌሊት ያነቃን የአንዲት ሴት ጩኸት ነው። «ኡኡ! የሰው ያለህ! ያገር ያለህ!» ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ባልዲ የያዘ፣ ጀሪካን የያዘ፣ ውሃ ያጣ አፈር በእጁ የሚዝቅ። ጎረምሶቹ ጣሪያ ላይ ወጥተው እሳቱ እንዳይሻገር የሚቀጥለውን ቤት ቆርቆሮ ገነጠሉ። የእሳት አደጋ መኪና መጨረሻ ላይ መጣ። መጥቶም አስፋልቱ ላይ ቆመ፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባ መንገድ የለማ። እሳቱ ጠፋ። የባለቤቶቹ ቴሌቪዥንም ጠፋ። እሳት አይደለም የበላው፣ ሊያድኑት ከመጡት አንዱ ነው ይዞት የሄደው።

እኛ አገር «እሳት!» ሲባል ሰው ወደ እሳቱ ነው የሚሮጠው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል እንኳን፣ እሳት አጥፊ ከእስራኤል፣ ሄሊኮፕተር ከኬንያ እስኪመጣ ድረስ የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ነው የታገለው። ይህን በኩራት ነው የምናወራው። ያስኮራልም። ግን ከዚህ ከሎስ አንጀለሱ እሳት ገና ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየነውን አንርሳ። ዕቃውን ሊያድን የሚጋፋው፣ ሊረዳ የመጣው፣ ሊያይ የመጣው መንገዱን ሞልቶት የእሳት አደጋ መኪኖቹ መግቢያ አጥተው ነበር።

የካሊፎርኒያ እሳት ደግሞ በባልዲ የሚሞከር አይደለም። ያን ምሽት ንፋሱ በርትቶ ውሃ የሚረጩት አውሮፕላኖች እንኳን መብረር አልቻሉም። ቤቱንም የሚያቃጥለው የምናየው ነበልባል ብቻ አይደለም፤ ፍንጣሪው ነው። ከእሳቱ ቀድሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። በጣሪያ ሥር ባለች መተንፈሻ ይገባል፣ ደረቅ ቅጠል ያጠራቀመ አሸንዳ ላይ ያርፋል። የሣር ክዳን ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማንም ማስተማር ይችላል። የዚህ አገር ቤት ከሩቅ ሲያዩት ግንብ ይመስላል። ቀለሙን ፋቅ ቢያደርጉት እንጨት ነው።

እናም መሰናዳት ጀመርኩ። ስልኬ ላይ መመሪያ አለ። ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ጥጥ ወይ ሱፍ ይሁን፣ ናይሎን ነገር እሳት ሲነካው ይቀልጣል ይላል። እኔ የለበስኩት የገና ቀሚሴን ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ንጹሕ የሸማኔ ጥጥ። አልፌዋለሁ። «ወረቀታችሁን ሰብስቡ» የሚለው ጋ ስደርስማ ሳቄ መጣ። ስደተኛ ወረቀት ሰብስቢ ይባላል? የእኛ ቤት ወረቀት ፌስታል ውስጥ ነው፣ ፌስታሉ ሰማያዊ ፋይል ውስጥ፣ ፋይሉ አልጋ ሥር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመሄድ ተዘጋጅቶ ነው የኖረው። የዜግነቱ፣ የጋብቻው፣ የልጆቹ የልደት፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቴ ሳይቀር። እሱን ለምን እንደያዝኩት እግዜር ይወቅ። በኋላ እንደሰማሁት ፊት ለፊታችን ያሉት ባልና ሚስት ፓስፖርት ፍለጋ መሳቢያ ሲገለብጡ አንድ ሰዓት ፈጅተዋል። እኔ ግማሽ ደቂቃ።

የከበደኝ ሌላው ነው። ለኢንሹራንስ እንዲሆን እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ ቅረጹ ይላል። ቀረጽኩ። ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ። እናቴ የሰፋችው ትንሽ መሶብ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ይሄ ስንት ነው ይባላል? ደረሰኙስ? ካሜራውን አጥፍቼ መሶቡን መኪና ውስጥ አስገባሁት።

ከዚያ መጋረጃ ማውረድ፣ ሶፋውን ከመስኮት ማራቅ፣ በር ላይ ያለውን ምንጣፍና የጓሮውን የፕላስቲክ ወንበር ማንሳት፣ ጋዝ መዝጋት። ውሃ ከፍታችሁ አትሂዱ፣ ለእሳት አደጋ ሰዎች ግፊቱ ይቀንሳል። መኪናችሁን አፍንጫውን ወደ መንገድ አዙራችሁ አቁሙ። ይሄ ሁሉ ይገባል። አንዷ ግን አልዋጥልሽ አለችኝ። በርና መስኮት ዝጉ፣ ግን አትቆልፉ። እሳት አጥፊዎቹ መግባት ካስፈለጋቸው እንዳይቸገሩ ነው።

ልክ ያኔ እማዬ ደወለች። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ አዲስ አበባ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት።

«ቤቱን ሳትቆልፊ? አብደሻል?»

«እማዬ፣ ሕጉ ነው።»

«የማን ሕግ? የሌባ?»

ቀጥላ፣ «አንዷን መሬት፣ አንዷን እሳት» ብላ ተነፈሰች። እውነቷን ነው። በዚያው ሰሞን አፋር ውስጥ፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን አካባቢ፣ መሬቱ ደጋግሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማል። እህቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ሌሊት አልጋዋ ሲወዛወዝ ልጆቿን ይዛ በደረጃ ወረደች። ታች ስትደርስ ብሎኩ ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቆሟል። ማን ውጡ አላቸው? ማንም። በር ለበር ተንኳኩተው ነው የወጡት። «ምን ይዘሽ ወጣሽ?» ብላት፣ «ልጆቹን ነዋ!» አለችኝ። ስለ ወረቀት ልጠይቃት አፈርኩ።

አፋሮቹ ግን ከዚህም ከዚያም የተለየ ነው የገጠማቸው። መንግሥት 80 ሺህ ገደማ ሰው ከአካባቢው ለማንሳት ተነሥቶ ነበር። አርብቶ አደር ለቀህ ውጣ ሲባል መኪና አስነሥቶ አይሄድም። ፍየሉስ? ግመሉስ? ውሃ ያለበት ቦታ የት ነው? የእኔ መመሪያ «የቤት እንስሳችሁን በሳጥን ያዙ» ነው የሚለው።

እማዬ መጨረሻ ላይ፣ «ጎረቤቶችሽን ነገርሻቸው?» አለች።

«ሁሉም ስልክ አለው፣ እማዬ።»

«የተኛ ሰው ስልኩ ምን ያደርግለታል?»

ከእኛ ቀጥሎ አንዲት አሮጊት አሉ። ብቻቸውን ከድመታቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ስድስት ዓመት ጎረቤት ሆነን ስማቸውን አላውቅም። «ሃይ» እንባባላለን፣ የቆሻሻ ገንዳችንን ባንድ ቀን እናወጣለን፣ በቃ። ሳይቀጥሩ የሰው በር ማንኳኳት እዚህ ነውር ብቻ አይደለም፣ ያስፈራል። ጥቁር ሆኖ በጨለማ የማያውቁት ሰው በር ላይ መቆም ደግሞ ልብ ይጠይቃል። ነጠላዬን አስተካክዬ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ሰንሰለቱን ሳያወልቁ ከፈት አድርገው፣ «ዕቃ ከሆነ እዚያው ተዪው» አሉኝ። የመስሚያ መሣሪያቸውን አውልቀው ነበር። ስልካቸው ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ነው። ምንም አልሰሙም። ተራራውን በእጄ አሳየኋቸው።

መብራት የጠፋው ያኔ ነው። አሮጊቷ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሪሞቱን ይጫናሉ፣ የጋራዡ በር ንቅንቅ የለም። በፈረንጆቹ 2017 እሳት ጊዜ ጋራዥ መክፈት አቅቷቸው የሞቱ ስለነበሩ፣ ከ2019 ወዲህ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚገጠም የጋራዥ መክፈቻ ባትሪ እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል። የሳቸው ግን የጥንት ነው። ከላይ የምትንጠለጠል ቀይ ገመድ አለች፤ እሷን ጎትቶ በሩን በእጅ ማንሳት ነው። ልጄ ጎተተው። መብራት ሳይነግር የሚጠፋበት አገር ማደግ ለካ ትምህርት ነው። በሩን ከቆጣሪው ጋር ያሰረ ሰው ሰፈሬ አላየሁም።

ትእዛዙ ሲመጣ መንገድ ላይ ነበርን። ከዚህ ሁሉ ያስደነቀኝ መንገዱ ነው። ትራፊክ መብራቱ ጠፍቷል። ከኋላ ሰማዩ ቀልቷል። መኪናው ግን በየመስቀለኛው እየቆመ ተራ በተራ ያልፋል። ጡሩምባ የለም። ሁሉም መስኮቱን ዘግቶ ለየብቻው ይሸሻል። እኔ አንዱ እንዲጮህ ፈልጌ ነበር፣ ማንም ቢሆን። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ለማለት ግን አይደለም። ፓሊሴድስ በዚያው ዕለት መንገዱ ተጨናንቆ ሰው መኪናውን ጥሎ በእግሩ ሮጧል። ጥለዋቸው የሄዱትን መኪኖች በቡልዶዘር ነው የገፏቸው።

ኢንግልውድ ጓደኛችን ቤት ገባን። ባለቤቴም እዚያው መጣ። ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው። በማግሥቱ ነው የሰማነው። አልታዴና ከፓሳዴና ቀጥሎ ያለ ሰፈር ነው፤ ምዕራቡ ክፍል ውጡ የሚለው ትእዛዝ የደረሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እሳቱ ከተነሣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሆኖታል። የኢተን እሳት ከገደላቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሌክ ጎዳና በስተ ምዕራብ የሚኖሩ ነበሩ። ብዙዎቹ አዛውንት ናቸው፣ መራመድ የሚቸገሩም ነበሩባቸው። ይህን ያህል ዘመናዊ ጩኸት ተዘርግቶ፣ በጣም ያስፈለገበት ሰፈር ሳይጮህ አመሸ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ በስህተት 10 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላለው ለሎስ አንጀለስ ካውንቲ በሙሉ «ለመውጣት ተዘጋጁ» የሚል መልእክት ተላከ። አሥራ አንዳችንም ብድግ አልን። ትንሿ ልጄ ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ቆመች። ትንሽ ቆይቶ ይቅርታ፣ እሱን ተዉት ተባለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ እርስ በርስ ነበር የምንተያየው።

ቤታችን ተርፏል። ከእኛ በላይ ያለው መንገድ ግን የለም፤ የቆመው ጭስ ማውጫ ብቻ ነው። ያ እሳት ባጠቃላይ ከ9 ሺህ በላይ ቤትና ሕንፃ በልቷል። ስንመለስ የመስኮቱ ደፍ ላይ የጣት ጥፍር የሚያህል አመድ ነበር። በሩ እንደተውኩት ነው፣ አልተቆለፈም። ገብቼ አየሁ፣ የጠፋ ነገር የለም። ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት።

«ደግመሽ ቁጠሪ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ መኪናውን ሁልጊዜ አዙሮ ነው የሚያቆመው። እኔም የአሮጊቷን ስም አውቄያለሁ። ባለፈው ደግሞ ማታ ንፋሱ ተነሣ። ልጆቹን አስተኝቼ ስመለስ በር ተንኳኳ። ስልኬን አየሁት፣ አልጮኸም። በሩን ስከፍት በፒጃማ ቆመዋል፤ መስሚያቸውን አድርገዋል፣ የድመቷን ሳጥን አንጠልጥለዋል።