ከሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይን ይለካ

ሐዋሳ ላይ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ዘመቻ በተካሄደ ቁጥር የምንሰማው የታከሙትን ሰዎች ብዛት ነው። ብዛቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው በአገራችን ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከሞራ ግርዶሽ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስንቱ እንደሚያይ ግን አይነገረንም። ዘመቻ የሚያዘጋጅ ሁሉ ይህንንም ለክቶ ማውጣት አለበት።

መለኪያው የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሲመክር የኖረው ከታከሙት ቢያንስ 80 በመቶው 6/18 (ጤነኛ ዓይን ከ18 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር ማንበብ) ወይም የተሻለ እንዲያዩ፣ ከ6/60 በታች የሚቀሩት ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ ነው። አባል አገራት በ2013 ዓ.ም. የተስማሙበት ግብ መስፈርቱን ወደ 6/12 ከፍ አድርጎታል።

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው ስህተት ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት የሚፈጠር ነው። በደፈረሰው የዓይን ሌንስ ፋንታ የሚተከለው ሰው ሠራሽ ሌንስ ጉልበት የሚወሰነው በዓይኑ ርዝመት ሲሆን፣ የአንድ ሚሊሜትር የአለካክ ስህተት ወደ 3 ዲዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል። ባለሙያው ርዝመቱን የሚለካበትን የአልትራሳውንድ መሣሪያ ጫፍ ዓይኑ ላይ ትንሽ ጫን ካደረገው ዓይኑ አጭር መስሎ ይለካል፤ ሌንሱ ከሚገባው በላይ ኃይለኛ ይሆናል፤ ታካሚው እጁ ላይ ያለውን እያየ የመንገዱ ማዶ ይደበዝዝበታል። ሳይለኩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሌንስ መትከልማ የባሰ ነው። መነጽር ያስተካክለዋል፣ ተመልሶ የሚለካው ካገኘ።

በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሚያስፈራው ሌንሱን የሚይዘው ስስ ከረጢት መቀደዱ ነው። ሞራው ነጥቶና ጠንክሮ ሲመጣ ሥራው ይከብዳል፤ ከገጠር የሚመጡ ታካሚዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሱት ያኔ ነው። ከኋላ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ወደ ፊት ከወጣ በደንብ መጽዳት አለበት፤ አለበለዚያ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) እስከ መላቀቅ ሊያደርስ ይችላል።

ኢንፌክሽን እምብዛም አይከሰትም፣ ከተከሰተ ግን ዓይኑን በቀናት ውስጥ ያጠፋል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጀርም ገዳዩን 5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ጠብ አድርጎ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ፣ ሲያልቅ 1 ሚሊግራም ሴፉሮክሲም የተባለ አንቲባዮቲክ ዓይን ውስጥ መስጠት ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣ የአውሮፓ ጥናት ይህ መርፌ አደጋውን ወደ አንድ አምስተኛ እንደሚቀንሰው አሳይቷል። በመጀመሪያው ሳምንት ሕመሙ ከጨመረ፣ ዓይኑ ከቀላና እይታው ከቀነሰ በዚያው ቀን ቫንኮማይሲንና ሴፍታዚዲም የተባሉ አንቲባዮቲኮች ዓይን ውስጥ መወጋት አለበት። ከበንሳ የመጣ አባት ግን «ቀዶ ሕክምና መቼም ያማል» ብሎ ቀጠሮውን ይጠብቃል፣ ወይም በቅርቡ ካለው መድኃኒት ቤት ጠብታ ይገዛል። ምልክቶቹ በሲዳምኛም በአማርኛም ለታካሚውም ለአስታማሚውም ይነገሩ፤ የሚደወልበት ስልክም ካርዱ ላይ ይጻፍ።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ዓይኑ ሲደበዝዝ «ሞራው ተመለሰ» ይባላል። ሞራ አይመለስም፤ የደፈረሰው የቀረው ከረጢት ነው፣ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል።

ስለዚህ የዘመቻ በጀት ሲያዝ በማግስቱ፣ በሳምንቱና በስድስተኛው ሳምንት ለሚደረገው ምርመራ፣ ለታካሚው ትራንስፖርትና ለመነጽሩ አብሮ ይያዝ። ከ6/60 በታች የቀረ ዓይን ሁሉ ምክንያቱ ይመዝገብ፦ ቀድሞ የነበረ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ወይም የሬቲና ችግር ነው፣ በቀዶ ሕክምናው የመጣ ጉዳት ነው፣ መነጽር ማጣት ነው ወይስ ቆይቶ የመጣ ነው? መዝገቡ ከሚቀጥለው ዘመቻ በፊት ለቀዶ ሐኪሞቹና ለዓይን ነርሶቹ ይቅረብ።