ልዩ ቦታ፦ ቆሼ

ገና ጫማዬን አላወለቅሁም። ሻይ እንኳን ሳልጥድ ነው የምጽፈው፤ ካደረ ይበርድልኛል፣ እኔ ደግሞ እንዲበርድልኝ አልፈልግም።

ያቺን ሒሳብ ለመክፈት ሄድኩ። ስንት ቀን ዛሬ ነገ ስል እንደ ከረምኩ ታውቃላችሁ። የባንኩን ስም አልጠራም፤ ቢጠራም ባይጠራም ለውጥ የለውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ፣ ግድግዳው ላይ ጥርሱን የሚያሳየውን ቤተሰብ እስኪሰለቸኝ አይቼ ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ ማር ነበረች። «እንኳን ደህና መጡ፣ ይቀመጡ፣ መታወቂያዎን ይስጡኝ።» ስሜን ጻፈች፣ የእናቴን ስም ጠየቀች፣ ስልኬን ጻፈች። ከዚያ ያቺ መስመር ደረሰች።

«ልዩ ቦታ?»

«ቆሼ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ መጀመሪያ ነጠላዬን፣ ቀጥሎ ቦርሳዬን አየች።

«ቆሼ ማለት ያው ቆሻሻው?»

«ቤቴ ከአስፋልቱ ማዶ ነው።»

«እዚያ ሰው ይኖራል እንዴ?»

ፊት ለፊቷ ተቀምጬ! መታወቂያዬን በእጇ ይዛ! «ይኖራል» አልኳት። ከዚህ የተሻለው መልስ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው፤ ሁልጊዜም የሚመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው።

«ሌላ ስም የለውም? ጀሞ ልበለው?»

«ጀሞ አልኖርም።»

«ለራስሽ ብዬ ነው እኮ።»

አያችሁልኝ? «ለራስሽ»! ከስሜ እስከ ስልኬ ድረስ «እርስዎ» ነበርኩ፤ ቆሼ ስል «አንቺ» ሆንኩ። እናቷ ባልሆን ታላቅ እህቷ እሆናለሁ። ሽበቴ ያስከበረኝን ሰፈሬ አዋረደኝ። ቀጥላ መታወቂያዬን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ይዛ መለሰችልኝና ከጠረጴዛዋ ላይ የእጅ ማጽጃ አንስታ አንዴ ጫን፣ ሁለቴ ጫን፣ አሸት አሸት። ከእኔ በፊት የነበረውን ባለ ከረባት ስታስተናግድ ያንን ጠርሙስ አልነካችውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌላ የማየው ስላልነበረኝ በደንብ አስተውያለሁ።

እና እዚያ ሰው ይኖራል ወይ? አባቴ በ1960ዎቹ ቤት ሲሠራ አካባቢው ከከተማ የወጣ፣ ሲመሽ ጅብ የሚጮህበት ነበር። ከሁሉ በፊት የነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ነው፤ የንጉሡን ልጅ የልዕልት ዘነበ ወርቅን ስም የያዘው፣ በኋላ አለርት የተባለው። ሕሙማኑን ሰው እንዳያያቸው ወደዚህ ወሰዷቸው። ቀጥሎ በ1950ዎቹ አጋማሽ የከተማዋ ቆሻሻ ተከተለ። አዲስ አበባ ዓይኗ እንዲያይ ያልፈለገችውን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ነው የላከችው፤ አሁን ደግሞ ከዚያ አቅጣጫ የመጣ ሰው ሲገጥማት አፍንጫዋን ትይዛለች። እኔ አላመጣሁት! ከ60 ዓመት በላይ የቦሌውም፣ የፒያሳውም፣ የመርካቶውም ድንች ልጣጭ የመጣው ወደ እኛ ነው። የዚያች ልጅ የእጅ ማጽጃ ጠርሙስም ሲያልቅ የት እንደሚሄድ እኔ አውቃለሁ።

ስሙንም ቢሆን እኛ ነን ያሳመርነው። ቆሻሻ መባሉ ሲከብደን ልጅ እንደምናቆላምጠው አቆላመጥነውና ቆሼ አልነው። ረጲ የሚል የወግ ስም አለው፤ በጋዜጣ ላይ አየዋለሁ፤ ታክሲ ውስጥ «ረጲ ወራጅ አለ» ሲል የሰማሁት ሰው ግን የለም። «ቆሼ ወራጅ አለ» ያልኩ ቀን ደግሞ ጉድ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ገና ሳልወርድ መስኮቱን ዘጋችው። ሽታው ከውጭ ይግባ ከእኔ ይውጣ እስካሁን አልገባኝም።

ደላላውን ታስታውሱታላችሁ? ወንድሜ ከእኛ አጠገብ ቤት ሲፈልግ «አየር ጤና አካባቢ ነው» ብሎ ይዞት መጣ። አየር! ጤና! በዚህ ስም ቤት አከራይቶ ኮሚሽን የተቀበለ ሰው አንድ ቀን በክረምት፣ ያ ጥቁር ፍሳሽ ወደ መንገዱ ሲወርድ፣ እዚያው ቆሞ ስሙን ጮክ ብሎ ይጥራልኝ። ወንድሜ ሦስት ወር ኖሮ ወጣ። እኔ የት ልውጣ? የአባቴ ቤት ነው።

ልጆች ሳለን እንኳን እንዲህ አላፈርንም። መኪናው ከየት ሰፈር እንደ መጣ ከጭነቱ የሚያውቁ ለቃሚዎች ነበሩ። መንጠቋቸውን ይዘው ሲሮጡ እናያለን፤ ከቦሌ የመጣ ከሆነ ሩጫው ሌላ ነው። ላስቲኩን፣ ቆርቆሮውን፣ ጠርሙሱን ለየብቻ ለይተው ለቆራሌው ይሸጣሉ። ይህች ከተማ ቆሻሻ ስለ መለየት ዛሬ ስልጠና ስትሰጥ እስቃለሁ። ለሃምሳ ዓመት ያለ ጓንት ሲለዩላት የነበሩትን ማን አሠለጠናቸው?

ሊነሳ ነው ሲባልም ሰምተናል። በ2008 ወደ ሰንዳፋ ሄደ፤ እልል አልን። ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ የሰንዳፋ ገበሬዎች መሬታችንና ውኃችን ተበከለ ብለው እምቢ አሉ፤ ክረምቱ ላይ መኪናዎቹ ተመልሰው እኛው ዘንድ መጡ። በገበሬዎቹ አልፈርድም። እምቢ ማለት እንደሚቻል ያወቅነው ከእነሱ ነው፤ ለእኛ ግን ረፍዶ ነበር።

ከዚያ መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም። የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ሥሩ ያሉትን ጎጆዎች ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። ቁፋሮው ቀናት ፈጀ። እኔ የማስታውሰው ድምፁን አይደለም፤ በማግስቱ መንገዱ ዳር በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ዝም ብለው የቆሙትን እናቶች ነው። ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ ባንዲራው ዝቅ አለ። ያኔ ሁሉም ሰው ቆሼ የሚለውን ስም ሲጠራ አላፈረም። «እዚያ ሰው ይኖራል እንዴ» የሚለውን ጥያቄ ግን ያኔም ሰምቼዋለሁ፤ ሬሳ እየወጣ።

በኋላ ጃፓኖች ፉኩኦካ በሚባለው ዘዴ ቱቦ እየቀበሩ፣ አየር እያስገቡ ክምሩን ለማረጋጋት መጡ። በነሐሴ 2010 ደግሞ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታሰበው የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው ተብሎ ኮራን። ጎረቤቴ አሮጊቷ ጭስ ማውጫውን ቀና ብለው አይተው «መብራቱንስ ይሸጡት፣ ሽታውን ለማን ሊሸጡት ነው?» አሉ። እስከ ዛሬ ገዢ አልተገኘም።

ወዴት ሄድኩ? አዎ፣ ልጅቷ።

እንዲህ ሁሉ የማውቅ ሰው፣ ይህን ሁሉ ታሪክ በልቤ ይዤ፣ ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ? ከኋላዬ ያለው ሰው ሲያጉረመርም ሰማሁ፤ ሰዓቱም ምሳ ደርሶ ነበር። ልጅቷ «እና ምን ልበለው?» አለችኝ። «አየር ጤና በይው» አልኳት። በገዛ አፌ! ደላላውን ስሰድብ የኖርኩት ሴትዮ! ፈገግ ብላ ጻፈችው፤ ወዲያው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለችኝ። «እርስዎ» ሆኜ ወጣሁ።

ነገ ተመልሼ አስተካክይው ልላት አሰብኩ። ደግሞ ያንን ሁለት ሰዓት፣ ደግሞ ያንን ጥርሱን የሚያሳይ ቤተሰብ አሰብኩና ተውኩት። ደብተሩ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አየር ጤና ይላል። ሻዬን ልጣድ። ነፋሱም ወደ እኛ ዞሯል፣ መስኮቱን ልዝጋ።