የመሐሉ ዓመታት የት ገቡ?

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ የእህቴ ልጅ ሽምግልና ላይ ተገኘሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ተቀመጡ ሲባሉ አሻፈረኝ ብለው፣ ቆመው የልጁን ዘር ማንዘር ቆጥረው ሲጨርሱ አንደኛው ወደ እኔ ዞሩ። «አጎቱም እነሆ ከአሜሪካ ድረስ መጥተዋል፤ እዚያ ትልቅ ሆቴል ያስተዳድራሉ» አሉ። የሙሽሪት አባት ራሳቸውን በአክብሮት ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ።

ሆቴል አላስተዳድርም። ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ መካከለኛ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ፎጣ አቀብላለሁ፣ ጠጥቶ የክፍሉ ቁጥር የጠፋበትን ሰው እስከ በሩ አደርሳለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ሥራ ልጅ አስተምሬአለሁ፣ ለሽምግልናው የመጣሁበትን ቲኬትም የገዛሁት በዚሁ ነው።

ውሸቱን የጀመረችው እህቴ ናት። ማታ ለብቻችን ስንሆን ብቆጣት «ወንድም ጋሼ፣ ቁልፍ ሰጪ ነው ብንል ምን ይሉናል?» አለችኝ። ምን ይላሉ? ብላት መልስ አልነበራትም። ብቻ የሚሉት ነገር እንዳለ እርግጠኛ ናት። ደግሞ እሷን ብቻ እንዳልወቅስ፣ ራሴን የነቀነቅሁት እኔ ነኝ። ማንም አንገቴን ይዞ አላወዛወዘውም።

ይህን ቂም ይዤ ተመለስኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ የሆቴሉ ሎቢ ጭር ይላል፤ ያን ጊዜ «ዘ ኦፊስ» የሚባለውን የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ አያለሁ። እንግሊዞች የጀመሩትን አሜሪካኖች ወስደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2005 እስከ 2013 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ያሳዩት ነው፤ ዘጠኝ ምዕራፍ፣ 201 ክፍል። ቦታው ፔንሲልቫኒያ፣ ስክራንተን ከተማ፣ አንድ ወረቀት አከፋፋይ ድርጅት። ታሪኩ ይኼ ነው የሚባል አይደለም። ስልክ ይጮኻል፣ ወረቀት ይሸጣል፣ አለቃው ሠራተኛውን ሁሉ ያሳፍራል። እንግዳ መቀበያው ላይ ፓም የምትባል ልጅ ተቀምጣለች። ስልክ ከማንሳቷ በፊት ትከሻዋ ዝቅ ይላል፤ ልክ ስታነሳው ድምጿ ፈገግ ይላል፣ ፊቷ ግን እንደነበረ ነው። ያን ትከሻ አውቀዋለሁ፤ የእኔው ነው። አንድ ሌሊት «ይህች ሴት ይህን ሥራ በልምምድ አልያዘችውም» አልኩና ማንነቷን መፈለግ ጀመርኩ።

ገምቼ አልተሳሳትኩም። ጄና ፊሸር ትባላለች። ሴንት ሉዊስ አድጋ በ1998 ለትወና ሎስ አንጀለስ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት የኖረችው በየቢሮው ጸሐፊና እንግዳ ተቀባይ እየሆነች ነው። ካሜራው ፊት ተቀምጣ የምትመልሰው ስልክ፣ ያለ ካሜራ ስትመልሰው የኖረችው ስልክ ነው። ይህንንም ራሷ ታወራዋለች፣ ሳትጠየቅ።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ተዋናዮቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ፤ እንግዶች ሲመጡም ኮምፒውተሩን እያዞርኩ።

አለቃውን የሚጫወተው ስቲቭ ካሬል ማሳቹሴትስ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ፖስታ አዳይ ነበር። እሱንም አልቻለበትም፤ ጥቂት ወራት እንደ ሠራ አለቃው ጎበዝ እንዳልሆነና መፍጠን እንዳለበት ቢነግረው ትቶ ወጣ። በታሪክ ትምህርት ዲግሪ ያለው ሰው ነው። እኛ ዘንድ ቢሆን ዲግሪ ይዞ ፖስታ ሲያድል ለእናቱ ለቅሶ ይደረሳቸው ነበር፤ ፖስታውንም ሲተው አርባውን እናወጣለን። ሰውየው ግን እየሳቀ ይተርከዋል።

ፊሊስ ስሚዝ የሴንት ሉዊስ ልጅ ናት። ወጣት ሳለች ዳንሰኛ ነበረች፤ ጉልበቷ ሲጎዳ ዳንሱ ቀረ። እንግዳ ተቀባይነት ሠራች (እነሆ ሌላዋ የሙያ እህቴ!)፣ ቀጥሎ ተዋንያን ከሚመርጡ ሰዎች ቢሮ ገባች። «ዘ ኦፊስ» ተዋናይ ሲፈልግ ሥራዋ ከተፈታኞች ፊት ተቀምጣ የሌላውን ገጸ ባሕርይ ንግግር ማንበብ ብቻ ነበር። ኬን ክዋፒስ የተባለው አዘጋጅ ተፈታኞቹን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ፤ መጨረሻ ላይ ለእሷ ተብሎ አንድ ገጸ ባሕርይ ተፈጠረላት። ስሙም ፊሊስ። ወረቀት አንባቢዋ ሴት ሃምሳ ዓመቷን ካለፈች በኋላ ነው ይህ የሆነው።

ክሪድ ብራተን የተገላቢጦሹ ነው። በ1960ዎቹ ግራስ ሩትስ በሚባል ታዋቂ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ጊታር ይመታ ነበር። ዝናውን ቀምሶ፣ ዝናው ጥሎት ሄዶ፣ ከአርባ ዓመት ግድም በኋላ «ዘ ኦፊስ» ውስጥ ሲገባ ከኋላ ተቀምጦ ምንም የማይናገር አጃቢ ነበር። ዝቅ ብሎ ጀመረና ከወንበሩ ሳይነሳ አገር አሳቀ። የሚጫወተው ሰው ስም ራሱ ክሪድ ብራተን ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ክሬግ ሮቢንሰን ቺካጎ ውስጥ የሙዚቃ አስተማሪ ነበር። ሌስሊ ዴቪድ ቤከር በዚያችው ከተማ አስተዳደር ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ የቢሮ መሰልቸትን ፊቱ ላይ ለመሳል ብዙም አልደከመም ማለት ነው። አንጄላ ኪንሲ ኢንዶኔዥያ ጃካርታ አድጋ፣ አሜሪካ ተመልሳ ለሰዎች የጥርስ ሐኪም የሚጠቁም ድርጅት የስልክ መስመር ላይ ሠርታለች። ኦስካር ኑኜዝ ኩባ ተወልዶ በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ጋር የወጣ ነው። ሚንዲ ኬሊንግ ወላጆቿ ከሕንድ ናቸው፤ የተገናኙት ናይጄሪያ ውስጥ ነው፣ እሷ ደግሞ ማሳቹሴትስ ተወለደች። ረጅሙን የአባቷን ስም ቆርጣ አሳጥራለች፤ ስማችንን በየቢሮው ለሚጠሩ ሰዎች ስንል የቆረጥን ሁሉ እናውቀዋለን።

እኔን ግን እንቅልፍ የነሳችኝ ኬት ፍላነሪ ናት። ሎስ አንጀለስ አካባቢ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነበረች። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አይደለም፤ ግማሹ ሆሊዉድ አስተናጋጅ ነበርኩ ይላል። ነገሩ ይህች ሴት ተከታታዩ መታየት ከጀመረ በኋላም ማስተናገዷን አልተወችም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስድስት ክፍል ብቻ ነበር፣ ይቀጥል አይቀጥል አይታወቅም፣ የቤት ኪራይ ደግሞ አይጠብቅም። እናም በቴሌቪዥን የታየችው ሴት በማግሥቱ ሽርጥ ታጥቃ «ምን ልታዘዝ?» ትላለች። ሳህን ታነሳለች። ጉርሻ ትቀበላለች።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የሽምግልናውን ምሽት ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። እሷ በአገር ፊት ታውቃ ሳህን አነሳች። እኔ አሥራ ሁለት ሰው በተቀመጠበት ሳሎን ቁልፍ እሰጣለሁ ማለት አቃተኝ።

የእኛን አርቲስቶች ቃለ ምልልስ አስታውሱ። ወደ ሙያው እንዴት ገባህ ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ፍላጎቱ ነበረኝ፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ እሳተፍ ነበር።» ቀጥሎ የሚሰማው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። በሚኒ ሚዲያውና በፊልሙ መካከል አሥር ዓመት አለ። ያ ዓመት የት ገባ? ቤት ኪራይ ማን ከፈለ? ልብስ ሸጥክ? ካፌ ውስጥ ሠራህ? የዘመድ ቤት ሶፋ ላይ አደርክ? ጋዜጠኛው አይጠይቅም፣ አርቲስቱም አያነሳም። ቢያነሳም «ብዙ ውጣ ውረድ አሳልፌአለሁ» ይላል፤ ውጣ ውረዱ ግን ስም የለውም። ፎጣ ይሁን ሳህን፣ ሲሚንቶ ይሁን ሊስትሮ፣ አይታወቅም።

ምክንያቱን አላጣሁትም። ባለ እጅን በምንሰድብበት አገር ነው ያደግነው፤ አፄ ምኒልክ እንኳ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸዋል። ኪነ ጥበቡም ቢሆን ከስድቡ አልተረፈም። አዝማሪ የሚለው ቃል ስንት ቤት ልጅ አስረግሟል? በድሮው ዘመን መድረክ የምትወጣ ሴት ጠፍታ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ሴት ሆነው ይተውኑ ነበር። ይህን ሁሉ አልፎ የተከበረ አርቲስት የሳህኑን ወሬ ጨምሮ ቢደብቅ እንዴት ልፍረድበት? አንዱን ነውር በስንት መከራ አራግፎ ሌላውን ለምን ይጠራል?

ደግሞ ለአሜሪካኖቹ ጽድቅ ልሰጥ አልፈልግም። እዚህም ቢሆን የአስተናጋጅነት ታሪክ የሚጣፍጠው ካለፈ በኋላ ነው። እዚያው ምግብ ቤት ከፍላነሪ ጎን ሳህን ስታነሳ የነበረች፣ ዛሬም የምታነሳ ሴት ትኖራለች፤ ማይክራፎን ይዞ የጠየቃት የለም። የእኛ ሆቴል እንግዶችም አንዳንዶቹ የሚያናግሩት እኔን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን የክፍል ጽዳት ላይ ያለችው አሜሪካዊት ባልደረባዬ ምን ትሠሪያለሽ ስትባል «ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ» ትላለች፤ ነጥብ። ከእኛ አንዱ ግን ፓርኪንግ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቶ፣ ሁለት ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ፣ አገር ቤት ሲጠየቅ «የራሴን ነገር እየሠራሁ ነው» ይላል። የራስህን ምን? አገራችን ውስጥ የጎረቤት ዓይን ፈርቶ ያልነካውን ሥራ እዚህ ሲሠራ ይውላል፤ ክረምት ሲገባ ሻንጣው ውስጥ ሁሉን ነገር ይከትታል፣ ሥራውን ብቻ እዚሁ ጥሎት ይሄዳል።

እኔም ጥዬው ሄጄ ነበር። ተከትሎኝ መጣ እንጂ።

ከተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። እዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እዚያ ከጠዋቱ አራት። የሙሽሪት አባት ናቸው። ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን፤ በዚህ ሰዓት ለምን እንደነቃሁ ግን አልጠየቁኝም። ከዚያ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ታናሽ ልጃቸው በሆቴል አስተዳደር ተመርቋል። «እንግዲህ ዛሬ ዘመዳሞች ነን። እርስዎ ሥራ አስኪያጅ እንደመሆንዎ አንድ ደብዳቤ ቢጽፉለት…» አሉኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራ አይንቅም፣ ከታች መጀመር ይችላል። «ከፈለጉ እንግዳ መቀበያው ላይም ቢሆን ያስቀምጡት» አሉና ነገሩን ለማቅለል ሳቅ አሉ።

«ጋሼ…» ብዬ ልጀምር ስል ከላይ ቤት አንድ እንግዳ በባዶ እግሩ ወረደ። ፀጉሩ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ወገቡ ላይ የለበሰው የአልጋ አንሶላ ነው። ጣቶቹን ቀስሮ ሁለት አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» አልኩና ፎጣ ላመጣ ሄድኩ።