እርማት፦ የጎራዴው ቦይ ለደም መውረጃ አይደለም

ወንድሜ፣ የስኮትላንድ መኮንኖች የሚታጠቁትን ባለቅርጫት እጀታ ጎራዴ (እጅን የሚከልል የብረት ፍርግርግ ያለውን) አንስተው፣ «ስለቱ ላይ ያለው ቦይ ደም እንዲወርድበትና ጎራዴው ከሥጋ በቀላሉ እንዲነቀል የተሠራ ነው» ብለዋል። ብዙ ሰው ይህንኑ ይደጋግመዋል፤ እውነት ግን አይደለም።

ቦዩ የሚያገለግለው ክብደት ለመቀነስ ነው። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1828 ለስኮትላንድ ደጋ ክፍለ ጦሮች መኮንኖች የደነገገው ጎራዴ ቀጥ ያለ፣ በሁለቱም ጎን የተሳለና ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም ስለት አለው። ያ ሁሉ ብረት ድፍን ቢሆን ክንድ ያዝላል። ከመሐሉ ሲቦረቦር ክብደቱ ይቀላል፤ ጥንካሬው ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ደግሞ ልብ ብለው ይመልከቱት፦ ቦዩ ከእጀታው አጠገብ ይጀምርና ጫፉ ጋ ሳይደርስ ያበቃል። ለደም ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ጫፉ አይደለም እንዴ? ቦይ የሌለው ጎራዴም ቢሆን ወግቶ ይነቀላል።

የቅርጫቱ ቀይ ገበርም «ደም ለመደበቅ ነው» ይባላል። ገበሩ ጣቶች ከብረቱ ጋር እንዳይጋጩ የሚከላከል ቆዳና ጨርቅ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እጀታው ሥር የሚታየው ባለስድስት ጫፍ ኮከብም ሠሪው አይሁዳዊ መሆኑን አያመለክትም። እንደ ዊልኪንሰን ያሉ የለንደን ሠሪዎች ስለቱ ተፈትኖ ማለፉን ለማሳየት መሐሉ ላይ ክብ ነሐስ አድርገው ያኖሩት የነበረ ምልክት ነው።